የአሚን አባት ሳጥኖች

ቆቦ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል እትዬ? ያ እግርሽ እንዴት ነው? ስኳሩስ ረገብ አለልሽ ወይስ አሁንም ልጆቹ ዘወር ሲሉልሽ ተምር ትሰርቂያለሽ? ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ ያቺ ወተት የማትሰጠው ላምሽም ሳትቀር ሰላም ይሁኑልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ሙቀቱ ዘንድሮ ኅዳር ገብቶም አልለቀቀንም። ማሽላው ታጭዶ አውድማ ገብቷል፤ ወፍ ያስተረፈልን ለእኛ ይበቃናል።

ስልክ በየኪሱ በሞላበት ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምሽ አይቀርም። መሠረተ ትምህርት አብረን ቁጭ ብለን ፊደል ከቆጠርን ወዲህ ላንቺ ወረቀት የጻፍኩበትን ጊዜ አላስታውስም። በስልክ ያልሆነልኝ ድምፄን ስለማላምነው ነው። ያንቺንም አላምነው። ባለፈው ደውለሽ ናፍቀሽኛልና ልመጣ ነው ስትዪኝ መሃል ላይ አፍንጫሽን ስትስቢ ሰማሁሽ። ምን ሆንሽ ስልሽ ጉንፋን ነው አልሽኝ። ቀጥለሽ ደግሞ የውሃው በርሜል ሙሉ ነው ወይ፣ ነጠላሽ ታጥቧል ወይ፣ ትልቁ ክፍል ሰው ያስቀምጣል ወይ እያልሽ ጠየቅሽኝ። በሽታሽ ከያዘሽ ወዲህ ከኮምቦልቻ ንቅንቅ ያላልሽ ሴት፣ ለጥየቃ ልትመጪ ስለ በርሜል ምን አገባሽ? ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ አስፋው ነው፤ ሚኒባስ የሚነዳው የጎረቤታችን ልጅ። ምሳ ሳታበዪ እንዳትሰጂው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት የአሚንን አባት ጉድ ልንገርሽ። ሰውዬው ሳጥን ሰብሳቢ ሆኗል። ሳጥን ስልሽ የልብስ ሳጥን እንዳይመስልሽ። የሲጋር ሳጥን ነው፤ ያ እንደ አውራ ጣት የወፈረው ትንባሆ ተደርድሮ የሚመጣበት፣ ክዳን ያለው ትንሽ የእንጨት ሳጥን። ያውም አሮጌ መሆን አለበት፤ አዲስ ቢሰጡት ዞር ብሎ አያየውም። በዕድሜው ትንባሆ ከከንፈሩ ያልደረሰ፣ ሲጋራ ከሚጨስበት ቤት ተነሥቶ የሚወጣ ሰው፣ በስተርጅናው የትንባሆ ሬሳ ሳጥን ለቃሚ ሆነ ብዬ ስቄበታለሁ። ትንባሆው ቢነወር እንጨቱ ምን አደረገ ይለኛል። መልስ አያጣም፣ ታውቂው የለ።

የመጀመሪያዋን አንቺም ታውቂያታለሽ። ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ አገር ስመጣ ጌጤን ያስቀመጥኩባት ናት። በጎረምሳነቱ ኦጋዴን በዘመተ ጊዜ አብሮት የነበረ የኩባ መካኒክ ሲለያዩ የሰጠው ማስታወሻ ነው። ክዳኗን ስትከፍቺ ጸጉሯ ላይ ቀይ አበባ የሰካች ሴት አለች፤ ዙሪያዋን ወርቅ መሳይ ሜዳሊያ ተስሎበታል። ጌጡ ካለቀ በኋላ የአሚንን ነገር ስናስቀምጥባት ኖረናል፤ የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት ፎቶውን።

አሚን አምና ከረመዷን በኋላ ከጓደኞቹ ጋር የዞብልን ተራራ ተሻግሮ በአፋር በኩል ወጣ። ይህን ታውቂዋለሽ። ከጅቡቲ ጠረፍ ደውሎ፣ እማ፣ ዛሬ በጀልባ ልንሻገር ነው፣ ዱዓ አድርጊልኝ፣ ሳዑዲ ስደርስ እደውላለሁ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ክረምቱ ሲገባ ጅቡቲ የሚመላለስ አንድ ነጋዴ ፎቶ ስጡኝና ላጠያይቅ አለን። የአሚን አባት ፎቶውን ከሳጥኗ አውጥቶ ሰጠው። ነጋዴው ከሄደ በኋላ ሳጥኗን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እስከ አስር ሰዓት ሶላት ድረስ ተቀመጠ። እየከፈተ ያሸታታል። ይኸውልሽ ይህን ሁሉ ዘመን እንጨቱ ሽታው አልለቀቀውም አለኝ። ቀጥሎም፣ ይቺ ሳጥን እህቶች አሏት፤ አብረን የዘመትን የራያ ልጆች ብዙዎቻችን አንዳንድ ይዘን ነው የገባነው፤ የት የት እንዳሉ ልፈልጋቸው አለ።

እኔም ደስ አለኝ። ስልኩን እያገላበጠ ከደጅ እስከ ጓዳ ሲንቆራጠጥ ማየት ሰልችቶኝ ነበር። ልጁን የሚጠብቅ ሰው እጁ ሥራ ካልያዘ ያብዳል። ሂድ ፈልግ አልኩት።

አመጣጡን ብታዪ ትስቂ ነበር። አይገዛም። ዕቃ በባዶው አይወሰድም ብሎ ሌላ ዕቃ ማሽላ ሞልቶ ይሰጥና ሳጥኑን ይዞ ይመጣል። ሮቢት ከተማ ውስጥ ተሾመ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ፤ አብሮት የዘመተ ነው፤ ቁልፍና ክር የሚያስቀምጥበትን ሳጥን እንቢ ብሎት ነበር። የኔን የብስኩት ጣሳ በማሽላ ሞልቶ ወሰደለት። ከዚያ የስኳር ጣሳዬ ሄደ፤ ከዚያ የበርበሬው። አሁን ስኳር የምናስቀምጠው በላስቲክ ነው፣ ጉንዳን ከእኛ እኩል ይቀርባል። ዞብል ሥር ያሉ አንድ ሽማግሌ ጥይት ያስቀምጡበት የነበረውን ሰጡት። የላሞች መርፌ ይቀመጥበት የነበረውን ደግሞ ከአንድ ጡረተኛ የእንስሳት ሐኪም ቤት አመጣው፤ ለሳምንት መድኃኒት መድኃኒት ሸተተን። ከጣሊያን ዘመን የቀረ የቆርቆሮም አለው። አያያዛቸውን የምታሳየው ሔራን ናት፤ ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች የታሪክ መምህርት፣ ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችን። ሥዕሉን በውሃ እንዳትነኩት፣ ፀሐይም አይምታው፣ ውጭ አገር እንዲህ ያለውን የሚሰበስብ ሰው ሞልቷል ብላ ልቡን አሳበጠችው። እሱም ከትልቁ ክፍል በሩ ትይዩ መደርደሪያ መታ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ በቀን በቀን አቧራ የምጠርገው እኔ ነኝ።

ግን እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፣ ሳጥኖቹን እኔም ወድጃቸው ነበር። ምክንያቱም ወሬ ይዘው ነው የሚመጡ። በዚህ አገር ልጅ ያልተሰደደበት ቤት የለም። ሳጥን ብሎ ይገባል፤ ቁጭ ይላል፤ ወሬው ሳይታወቅ ወደ ልጆች ይዞራል። የማን ልጅ ሳዑዲ፣ ጂዛን ገብቶ ደወለ፣ የማን ልጅ ተመለሰ፣ ይህን ሁሉ ከሳጥኑ ጋር ያመጣልኛል። አንድ ጊዜ፣ በዚያ ወር ከተሻገሩት የመን ውስጥ የታሰሩ አሉ፣ ስልክ ስለማይሰጧቸው ነው የማይደውሉ የሚል ወሬ አመጣ። ያን ወሬ ስንት ጊዜ እንዳስደገምኩት አትጠይቂኝ። ልጄን እስር ቤት አድርግልኝ ብላ ዱዓ የምታደርግ እናት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ነበርኩ። ሰግጄ ስነሣ አላህ ሆይ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ አድርግልኝ እል ነበር።

ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ጎብዬ ሄደ። እዚያ ያለ አንድ ሰው ሥዕሉ ያልተላጠ ሳጥን አለው ተብሎ ነው። የሰውዬው ልጅም በቅርቡ ከየመን ተመልሷል፣ አሚን በሄደበት ወር የሄደ ነው ተብለናል። ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ዋልኩ። ሲመሽ ባዶ እጁን መጣ። ሳጥኑስ አልኩት፤ ባለቤቱ እንቢ አለኝ አለ። ልጁስ አልኩት፤ አላገኘሁትም፣ ወልዲያ ሄዷል አለ። ውዱእ አድርጎ ሰገደና ራት ሳይበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። የአሚን አባት እንቢ የተባለበትን ደጅ ጭራሽ የሚለቅ ሰው አይደለም፤ እኔንም ያገባኝ አባታችን ስንቴ እንቢ ብለውት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ በዛ፣ ወሬው ጠፋ። ይሄዳል፣ ይዞ ይመጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል፤ ማን ምን አለ የለም። እኔም አልጠይቀውም። አንድ ነገር ግን አየሁ። ያ ከእጁ የማይለየውን ስልክ፣ ሶላት ላይ እንኳ ሊጮህ ይችላል ብሎ የማይዘጋውን፣ ቤት ረስቶት መውጣት ጀመረ። እየተከተልኩ ኪሱ አስገባለታለሁ። ምናልባት ይደወል ይሆናል እለዋለሁ። ልክ ነሽ ይለኛል፤ ፊቴን ግን አያየኝም።

አንድ ቀን ገበያ ወጣሁ። ሽንኩርት የምገዛት ከጎብዬ የምትመጣ ኡሙሃኒ የምትባል ሴት ናት። ሽንኩርቷ ጥሩ ነው፣ ምላሷም አያርፍም። የማን እናት እንደሆንኩ አታውቅም፤ ለሷ ሽንኩርት የምታገላብጥባት የቆቦ ሴት ነኝ። እየመዘነች፣ ባለፈው ጁምዓ በእኛ መስጊድ በሌለ ሰው ላይ ሲሰገድ ልቤ ተነካ አለችኝ። ሬሳው በሌለበት የሚሰገደውን ሶላት ማለቷ ነው። ባሕር የበላው የቆቦ ልጅ ነው አሉ አለች። አባቱ ራሱ መጥቶ ፊት ቆሞ አሰገደ። ቆቦ ቢሰገድ እናቲቱ ትሰማለች፣ ወገኗ ሳይደርስላት እንዳትሰማ ብሎ እኛን ለመነን አለች። ሳጥን የሚሰበስብ ሰው ነው አሉ ብላ ደግሞ ጨመረችልኝ።

የማን ልጅ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ሽንኩርቱን አንድ በአንድ መረጥኩ፣ የተመታውን መለስኩላት፣ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ያን ልጅ አላውቀውም እትዬ። ሶላቱ ስለደረሰለት ግን ደስ ብሎኛል። ወንዶች እንዲህ ናቸው፤ ነገርን ጎብዬ ቢደብቁት የጎብዬ ሽንኩርት ቆቦ እንደሚሸጥ አያስቡም።

ከዚያ በኋላ የሰው ደግነት ይገድለኝ ጀመር። ጎረቤቴ ራዊያ እህሌን ከእጄ ነጥቃ ወፍጮ ትወስዳለች። በለቅሶ ዕድራችን በቅሬው የሥራ ተራዬ ሲደርስ አንቺ ዘንድሮ ተይው ይሉኛል። ስገባ ወሬ ይቆማል፤ ከዚያ ስለ ሙቀቱ ይነሣል። የቅሬው ዳኛ አብዱሰመድ አጥሩን ልየው ብሎ መጣና፣ አጥር የሚያይ ሰው ወደ ውጭ ያያል፣ እሱ ግቢውን በዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ለካው። ያን የአገዳ ክምር ወደ ጓሮ ብታዞሩት ጥሩ ነበር አለ። ድንኳን የሚተከልበትን ስፍራ የሚለካ ሰው ዓይን እኔ አላውቅም መሰለው። ስንት ለቅሶ ላይ እንጀራ ተሸክሜ የዞርኩ ሴት ነኝ። አገዳውን ግን አላዞርኩትም፤ እዚያው ነው፤ እንዲያውም ጨመርኩበት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጎተራ ውስጥ ገብቼ እህል ስሰፍር፣ አብዱሰመድና ሁለት ሽማግሌዎች ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ከአሚን አባት ጋር ተቀመጡ። ቤት ውስጥ ያለሁ አልመሰላቸውም። አብዱሰመድ ባሌን በስሙ ጠርቶ፣ ዘካሪያስ፣ ይኸ ነገር በዛ፣ አገር አውቆት ሷ ብቻ ሳትሰማ መክረሟ ወንጀል ነው፣ አላህም ይጠይቀናል አለው። የአሚን አባት፣ አንዲት ሳጥን ሮቢት ቀርታኛለች፣ እሷን ላምጣና አለ። አንዱ ሽማግሌ፣ ባለፈውም ዋጃ አንዲት ቀርታኛለች ብለህ ነበር፣ ከሷም በፊት ዞብል ሥር አሉት። አሁንስ የመጨረሻዋ ናት፤ ሳጥኖቹ ሲያልቁ ራሴ እነግራታለሁ አለ። ድምፁን ብትሰሚው የሱ አይመስልም፤ ከአስተማሪው ፊት እንደቆመ ተማሪ ይለምናቸዋል።

እጄ ማሽላው ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። ስም አልጠሩም። ስለ ማን እንደሚያወሩ አልሰማሁም። የሰማሁት ስለ ሳጥን ነው። ለካ ስስቅበት የከረምኩት ሰውዬ በየሳጥኑ አንዳንድ የማልሰማበት ሳምንት ተሸክሞልኝ ነው የሚመጣው። በዚያ ጉልበቱ፣ በዚያ ፀሐይ፣ የኔን ጣሳ ይዞ።

ሽማግሌዎቹ ግን አልሰሙትም። የእናት ወገን ሳይቆም አይነገርም፣ እህቷን አስጠርተን እንጨርሳለን አሉ። የስልክ ቁጥርሽን ከሱ ተቀብለው ሄዱ። በማግስቱ ደወልሽልኝ። ጉንፋንሽ የጀመረሽ ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩበት ነገር ይኸውልሽ። አትምጪ።

ሥርዓቱን ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። መርዶ ለእናት የሚነገረው ወገኗ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ የሚደግፋት ሰው ከጎኗ ቆሞ ነው። አባትና እናታችን አልፈዋል፤ ወንድም የለንም። የኔ ወገን አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ካልመጣሽ እነ አብዱሰመድ ምንም ቢቸኩሉ በሬን አያንኳኩም። እግሬ ተባብሶብኛል በይ፤ ሐኪም መንገድ ከለከለኝ በይ፤ ውሸትም አይሆንብሽ፣ እግርሽ መቼ ድኖ ያውቃል። አንቺ እስካልመጣሽ ድረስ እኔ ምንም ያልተነገረኝ ሴት ነኝ። የአሚንን አልጋ አነጥፋለሁ። ስልኩ ላይ እደውላለሁ። ያቺ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ትለኛለች፤ የለም ግን ብላኝ አታውቅም። እሷ እንኳ ያላለችውን አንቺ ከኮምቦልቻ ድረስ መጥተሽ ልትዪኝ ነው?

ሌላም ልለምንሽ። የሮቢቷን ሳጥን ከትናንት ወዲያ አመጣት። ከዚህ በኋላ የሚሄድበት የለውም፤ የራያን ምድር ጨርሶታል። አሁን ከመደርደሪያው ፊት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ስገባ ቀና ብሎ ያየኛል፤ አፉን ሊከፍት ሲል ውሃ ጣድኩ ብዬ እወጣለሁ። ትናንት ተከትሎኝ እስከ ማድቤት መጣ። የአሚን እናት ብሎ ጠራኝ፤ ሌላ ጊዜ እንዲህ ባለ ድምፅ ጠርቶኝ አያውቅም። በርበሬ ዓይኔ ገባ ብዬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እሱም ውሃ ቀዳልኝ።

ስለዚህ እትዬ፣ ደውዪለትና ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የድሮ ሾፌር ቤት እንዲህ ያለ ሳጥን አለ በይው። ሥዕሉ ያልተላጠ በይው፤ እሱን ሲሰማ አያስችለውም። ባለቤቱ ግን ለጊዜው የለም፣ ልጁን ሊጠይቅ ባቲ ወርዷል በይ። ሲደውልልሽ አልተመለሰም በይ። ባለሳጥኑን ከባቲ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ቦታ ላኪው። ሳጥን እንዳታገኚለት አደራሽን። ሔራን ሳጥኖቹን አጠጋግታ መደርደሪያውን ሞልታው ነበር፤ እኔ ጠዋት አቧራ ስጠርግ አራርቄ አንድ የሚያስገባ ቦታ ከፍቼበታለሁ። እሱም አይቶታል፤ መልሶ አላጠጋጋቸውም።

እንደማይዘልቅ አውቃለሁ። ሽማግሌም ይታክተዋል፣ ያንቺም ሆድ አይችልም። እኔም አንዳንድ ጊዜ ሽንኩርት ስልጥ ከሽንኩርቱ በላይ ያነባኛል። ተስፋ አለኝ ብዬ አይደለም፤ ተስፋ ምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ግን አንድ ማለዳ በሬ ተንኳክቶ አንቺን ከሽማግሌዎቹ ኋላ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ካየሁሽ፣ ዕድሜ ልኬን ስወድሽ የኖርኩትን ፊትሽን እጠላዋለሁ ብዬ እፈራለሁ። ለዚህ ነው አትምጪ የምልሽ። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?

ለአስፋው መልስ ስጪው፤ በአፍሽ አይሁን፣ ሆዱ ወሬ የማይችል ሹፌር ነውና ያወራል። አልመጣም አትበዪ፣ ብቻ ተምር ላኪልኝ፤ ተምር ከመጣልኝ እንደቀረሽ አውቃለሁ።

አላህ እግርሽን ያበርታልሽ፤ ወደዚህ እንድትመጪበት ግን አይደለም። ዕድሜሽን ያርዝመው። ልጆችሽን በደጅሽ ያቁምልሽ፣ የወጡትን በሰላም ያስገባልሽ። ክፉ አያሰማሽ፤ አንቺም ክፉ አታሰሚኝ።

እህትሽ፣
የአሚን እናት